ለግቢ በር የሚሆን የላሜራ ጌጥ፤ ከንድፍ እስከ ተከላ

የግቢ በር ማሠራት የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ብየዳ ቤት የሚሄደው በስልኩ የያዘውን ፎቶግራፍ አሳይቶ «እንዲህ አድርጉልኝ» ለማለት ነው። ፎቶግራፉ ግን የላሜራውን ውፍረት፣ የበሩን ስፋት፣ ከጌጡ ኋላ ምን እንዳለ፣ ጠርዙ እንዴት እንደታጠፈና በምን እንደታሰረ አይናገርም። በዚህ ምክንያት በርካታ የላሜራ ጌጦች ከተተከሉ በኋላ ቀጫጭን መስመሮቻቸው ይጎብጣሉ፣ ነፋስ ሲነካቸው ይንጫጫሉ፣ አንድ ክረምት ሲያልፍባቸውም ከቆረጣው ጠርዝ ጀምሮ መዝገት ይጀምራሉ። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የበያጁ ወይም የቆራጩ አይደለም፤ ላሜራው ከመገዛቱ በፊት መወሰን የነበረባቸው ነገሮች ሳይወሰኑ በመቅረታቸው የመጣ ነው። ከዚህ በታች እነዚያን ውሳኔዎች በሥራው ቅደም ተከተል እናያለን። ለምሳሌ እንዲሆን ባለ ሁለት ተከፋች በሆነ የግቢ በር ላይ የሚገቡ፣ እያንዳንዳቸው 600 በ1600 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት የጌጥ ላሜራዎችን እንወስዳለን። ስሌቱና አካሄዱ ለመስኮት መከለያ፣ ለደረጃ መደገፊያና ለግድግዳ መብራት ሽፋንም ያገለግላል።

ልኬት እና ቦታ

ልኬት የሚጀምረው ከወረቀት ሳይሆን ከበሩ ነው። የበሩ ፍሬም ከቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ተበይዶ ያለቀ ከሆነ ወርዱን ከላይ፣ ከመሃልና ከታች፣ ቁመቱንም ከግራ፣ ከመሃልና ከቀኝ ይለኩ፤ ከዚያም ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሁለቱን ሰያፍ መስመሮች ይለኩ። ሁለቱ ሰያፎች እኩል ካልሆኑ ፍሬሙ ከስኳድራ (ከቀጥተኛ ማዕዘን) ወጥቷል ማለት ስለሆነ፣ የላሜራው ልክ ከተገኙት ልኬቶች በትንሹ ላይ ተመሥርቶ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ተቀንሶለት ይወሰናል። ሰያፎቹ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያዩ ግን ላሜራውን ከማጥበብ ይልቅ ፍሬሙን ማስተካከል ይሻላል፤ ጌጡ ቀጥ ያለ ስለሆነ የፍሬሙን ጠማማነት ያጎላዋል እንጂ አይሸፍነውም። ፍሬሙ ገና ያልተሠራ ከሆነ ደግሞ ላሜራው ተቆርጦና ታጥፎ ካለቀ በኋላ ፍሬሙን በእርሱ ልክ ማስበየድ ከሁሉ የተሻለ አማራጭ ነው፤ ምክንያቱም በማሽን የተቆረጠ ላሜራ በእጅ ከሚበየድ ፍሬም ይልቅ ልኩን የጠበቀ ነው።

ቀጥሎ የሚወሰነው ከጌጡ ኋላ የሚኖረው ነገር ነው። ክፍት ከተተወ መንገደኛው ወደ ግቢ ያያል፤ ስለዚህ ንድፉ እስከ ሰው ዐይን ከፍታ ጠበብ ያለ፣ ከዚያ በላይ ሰፋ ያለ ክፍተት እንዲኖረው ማድረግ ይቻላል። ግቢውን ሙሉ በሙሉ መከለል ከተፈለገ ከኋላ ሌላ ያልተቆረጠ ላሜራ ይገባል። ይህ የኋላ ላሜራ ከጌጡ ጋር ተጣብቆ መበየድ የለበትም፤ በሁለት ተደራራቢ ላሜራዎች መካከል የሚሰርግ ውኃ ቶሎ አይደርቅም፣ እዚያ የሚበቅለውም ዝገት አብጦ ቀለሙን ከውስጥ ይገፋዋል። ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ራቅ ብሎ፣ በሌላ ቀለም ተቀብቶና በብሎን ታስሮ ሲቀመጥ ግን ውኃው ይወርዳል፣ ጌጡም በኋለኛው ላሜራ ላይ ጥላውን ስለሚጥል ከሩቅ ጎልቶ ይታያል።

የትኛው ላሜራ፣ በምን ውፍረት

ጥቁር ላሜራ በዋጋ ረከስ ያለ፣ ለብየዳ የሚመች፣ በቀላሉ የሚገኝና ቀለም የሚይዝ በመሆኑ ለአብዛኛው የግቢ በር ይበቃል። ጋልቫናይዝድ ላሜራ ዝገትን ለመከላከል የተሻለ ነው፤ ሆኖም ሲበየድ በላዩ ያለው ዚንክ ተንኖ ነጭ ጭስ ይሆናል፣ ይህንን ጭስ የተነፈሰ በያጅም ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ የሚለው፣ ትኩሳትና ራስ ምታት ያለበት ሕመም ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ በሚበየድበት ቦታ ዙሪያ ያለውን ዚንክ በግራይንደር አስቀድሞ ማንሣት፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አለመበየድና ተገቢውን የጭስ መከላከያ ጭንብል ማድረግ ግዴታ ነው። ስቴንለስ ስቲል ያለ ቀለም ሊቆም ይችላል፤ ነገር ግን ጥቁር ብረት በተፈጨበት ጠረጴዛ ላይ ከተሠራ ወይም ጥቁር ብረት በነካ ዲስክ ከተፈጨ የብረቱ ብናኝ በላዩ ተጣብቆ ይዝጋል፣ ባለቤቱም «ስቴንለስ ተብዬ ተታለልኩ» ይላል። አሉሚኒየም ቀላል ነው፣ አይዝግም፤ ግን በቀላሉ ይጎብጣል፣ ብየዳውም ልዩ ሙያና መሣሪያ ይጠይቃል።

የብረት ላሜራ ክብደት በቀላሉ ይሰላል፤ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ካሬ ሜትር 7.85 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በምሳሌያችን አንዱ ላሜራ 0.96 ካሬ ሜትር ስለሆነ በ2 ሚሊ ሜትር ውፍረት 15 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል፤ ንድፉ 40 በመቶውን ካስወጣው ደግሞ ወደ 9 ኪሎ ግራም ይወርዳል። ይህ ቁጥር የበሩን ማጠፊያ ለመምረጥ ይጠቅማል። የሚከፈለው ግን ተቆርጦ ለሚወድቀውም ጭምር መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ስለ ውፍረት ያለኝ አቋም ግልጽ ነው። ለውጭ በር ጠርዙ ለታጠፈ ላሜራ 1.5፣ ጠርዙ ላልታጠፈ ደግሞ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል፤ ከ1.2 በታች የሆነ ላሜራ ለመብራት ሽፋንና ለቤት ውስጥ ጌጥ እንጂ ለግቢ በር አይሆንም። ገንዘብ ለመቆጠብ ውፍረትን ከመቀነስ ይልቅ የላሜራውን ልክ ከሙሉ ላሜራው ጋር ማስማማት ይሻላል። በገበያ ከሚገኙት ልኮች አንዱ 1220 በ2440 ሚሊ ሜትር ነው። የእኛ የ600 ሚሊ ሜትር ጌጥ ለሁለት ጎን መታጠፊያው ተጨምሮለት ተዘርግቶ ሲለካ 645 ያህል ስለሚሆን ሁለቱ ጎን ለጎን አይገቡም፤ ወርዱ ወደ 550 ቢቀነስና የበሩ ቱቦላሬ በዚያው ልክ ቢሰፋ ግን ሁለቱም ተከፋቾች ከአንድ ላሜራ ይወጣሉ። ይህንን ጥያቄ ንድፉን ከመጀመር በፊት ያነሣ ሰው የአንድ ሙሉ ላሜራ ዋጋ ያተርፋል።

ንድፉ

ከላሜራ የሚወጣ ጌጥ ከሥዕል የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ነጩ ሁሉ ይወድቃል፣ ጥቁሩ ሁሉ ደግሞ እርስ በርሱ ተያይዞ መቆም አለበት። በክብ ውስጥ ሌላ ክብ ቢሣል የውስጠኛው ክብ የሚይዘው ነገር ስለሌለው ይወድቃል። እንዲቆም ከተፈለገ ከውጪው ጋር የሚያገናኘው ድልድይ ያስፈልገዋል፤ ድልድዩም ቢያንስ በሁለት፣ ቢቻል በሦስት በኩል መሆን አለበት፤ በአንድ በኩል ብቻ የተያዘ ቅርጽ እጅ ሲነካው ይታጠፋል፣ በቆረጣም ጊዜ በሙቀት ከላሜራው ገጽ ይነሣል።

ይህንን ሕግ ለመማር በረጅም ዘንግ ላይ ተሰክተው የሚያዙትን የሀገራችንን የመጾር መስቀሎች አተኩሮ መመልከት ይበቃል። በላሊበላ፣ በጎንደርና በአክሱም ስልት የተሠሩ የብረትና የናስ መስቀሎች ውስጥ ያለው ጥልፍ ከዳር ተነሥቶ እየተጠላለፈ ተመልሶ ወደ ዳር ይገባል፤ ክፍተቱም ለመስመሩ ያህል ታስቦበታል። በብራና መጻሕፍት መግቢያ ላይ የሚሣለው ሐረግም እንዲሁ የማይቋረጥ ክር ስለሆነ ለላሜራ ይመቻል። በላሊበላ በቤተ ማርያም ግድግዳዎች ላይ የተፈለፈሉት የመስቀል ቅርጽ ያላቸው መስኮቶች ደግሞ ክፍተት ራሱ ጌጥ ሊሆን እንደሚችል ያሳያሉ። እነዚህ ሁሉ በደጃችን እያሉ ከኢንተርኔት የወረደ የፈረስ ወይም የጽጌረዳ ሥዕል በየበሩ መደጋገሙ የሚያሳዝን ነው፤ በንድፍም ረገድ ቢሆን የወረደው ሥዕል ለሌላ ልክና ለሌላ ውፍረት የተሠራ ስለሆነ ተለጥጦ ሲመጣ መስመሮቹ ይሳሳሉ። መስቀል ያለበትን ንድፍ ለሚረገጥ ቦታ፣ ለምሳሌ ለፍሳሽ ክዳን ወይም ለደረጃ መርገጫ፣ ማዋል አይገባም።

ሆኖም ሁሉም ባህላዊ ቅርጽ እንዳለ ወደ ብረት አይገለበጥም። የሀበሻ ቀሚስ ጥበብ ላይ የሚታዩት ተከታታይ አልማዝ መሰል ቅርጾች እርስ በርስ የሚነካኩት በጫፋቸው ነው። በጨርቅ ላይ ይህ ችግር የለውም፤ በላሜራ ላይ ግን ያ ጫፍ ሙሉውን ቅርጽ የሚሸከም ቦታ ስለሚሆን ወደ 8 ሚሊ ሜትር መስፋት አለበት። ሐረግም ቢሆን አንዱ ክር በሌላው ላይ ሲያልፍ የሚታየው በቀለም ልዩነት ነው፤ በአንድ ላሜራ ላይ ሁለቱ ክሮች በመሻገሪያው ቦታ ተዋሕደው ጠፍጣፋ መስቀለኛ ይሆናሉ። ይህንን ለመፍታት ከላይ በሚያልፈው ክር ግራና ቀኝ፣ በሥረኛው ክር ላይ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ስንጥቅ ይቆረጣል። ስንጥቁ የሥረኛውን ክር ከዳር እስከ ዳር መበጠስ የለበትም፤ ክሩ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው ስንጥቁ 12 ሚሊ ሜትር ሄዶ ያቆማል፣ በሁለቱም ዳር አራት አራት ሚሊ ሜትር ድልድይ ይተርፋል። ከጥቂት ሜትር ርቀት ሲታይ ዐይን ድልድዮቹን አያያቸውም፤ አንዱ ክር በሌላው ላይ ያለፈ ይመስላል። ይህ ጥበብ በሌዘር (በብርሃን ጨረር) ለሚቆረጥ ሥራ ነው፤ በኤሌክትሪክ በጋለ ጋዝ የሚቆርጠው ፕላዝማ እንዲህ ያለ ቀጭን ስንጥቅ ላይ ጠርዙን ያበላሻል።

ስለ መጠን በሥራ ላይ የሚረዱኝ ልኮች የሚከተሉት ናቸው። በግቢ በር ላይ፣ ከስንጥቅ ዳር ከሚተርፉት አጫጭር ድልድዮች በቀር፣ ማንኛውም መስመር ከ8 ሚሊ ሜትር እንዳይጠብ፣ ከሁለት መያዣዎች መካከል ያለው ርዝመቱም ከስፋቱ 15 እጥፍ እንዳይበልጥ አደርጋለሁ። በሌዘር የሚቆረጥ ቀዳዳ ከላሜራው ውፍረት ማነስ የለበትም፤ በፕላዝማ ደግሞ ከውፍረቱ ሁለት እጥፍ፣ በቀጭን ላሜራም ቢሆን ከ5 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። ሹል የውስጥ ማዕዘኖች ሁሉ በትንሹ 1.5 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ይሰጣቸዋል፤ ሹል ማዕዘን ላይ ጫና ይከማቻል፣ ቀለምም አይዝም። ሕፃናት ባሉበት ቤት ማንኛውም ክፍተት 100 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ኳስ የማያሳልፍ ይሁን፤ ከማጠፊያውና ከመቆለፊያው አጠገብ ደግሞ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ፈጽሞ መተው የለበትም። መቆለፊያው የሚገባበት ቦታም ከመጀመሪያው በንድፉ ላይ ሳይቆረጥ ይቀር፤ ካለቀ በኋላ ጌጡን በግራይንደር ቆርጦ ቁልፍ መግጠም በየሰፈሩ የሚታይ የቸልታ ምልክት ነው።

በጌጡ ውስጥ ስም ወይም የቤት ቁጥር የሚገባ ከሆነ ፊደሉን አንድ በአንድ መመርመር ያስፈልጋል። ሀ፣ ለ፣ በ፣ ነ ክፍት ስለሆኑ ችግር የላቸውም። መ፣ ወ፣ ዐ፣ ቀ ግን በውስጣቸው የተዘጋ ክፍተት አለ፤ እንደ ቤ እና ሌ ያሉት ኃምስ ፊደላትም በእግራቸው ሥር ትንሽ ቀለበት አላቸው። ድልድይ ካልተሠራላቸው ውስጣቸው ወድቆ ፊደሉ ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። በተጨማሪ ክፍት ጌጥ ከግቢ ውስጥም ይታያልና በላሜራው ላይ የተቆረጠ ጽሑፍ ከውስጥ ሲያዩት የተገለበጠ ይሆናል። ስለዚህ ጽሑፍን ለብቻው ቆርጦ፣ ከጌጡ ላይ በአጫጭር ብሎኖች ከፍ አድርጎ ማሰር የተሻለ መፍትሔ ነው፤ ስም ወይም ቁጥር ቢለወጥም በሩ አይነካም።

ንድፉ ሲያልቅ ወደ ቆረጣ ከመላኩ በፊት በሙሉ ልኩ በወረቀት ታትሞ በካርቶን ላይ ይለጠፍና በምላጭ ይቆረጥ። ሙሉውን መቁረጥ አስቸጋሪ ከሆነ የሚደጋገመውን አንድ ክፍል ብቻ መቁረጥ ይበቃል። ካርቶኑን በአንድ ጠርዙ ይዘው ሲያነሡት የሚንጠለጠል፣ የሚወዛወዝ ወይም የሚወድቅ ክፍል ካለ ላሜራውም ላይ ያው ክፍል ደካማ ነው። ከዚያ በሩ ላይ አስረው ከመንገዱ ማዶ ቆመው ይመልከቱት፤ በወረቀት ላይ ያማሩ ብዙ ዝርዝሮች ከዚያ ርቀት ሲታዩ ወደ ግራጫ ብዥታ ይለወጣሉ፣ እነርሱን አውጥቶ ንድፉን ማቅለል የሚቻለውም አሁን ብቻ ነው።

ለማሽኑ የሚሰጠው ፋይል

የቆረጣ ማሽን ሥዕልን ሳይሆን መስመርን ነው የሚያነበው። በአውቶካድ፣ በኮሬል ድሮው ወይም በነፃ በሚገኘው ኢንክስኬፕ የተሠራው ንድፍ ዲኤክስኤፍ በሚባለው የመስመር ንድፍ ፋይል ሲቀመጥ አሃዱ ሚሊ ሜትር መሆኑ ይረጋገጥ፤ ፋይሉ በኢንች ተነቦ በ25.4 እጥፍ የተሳሳተ ንድፍ መምጣቱ የተለመደ ነው። በፋይሉ ጥግ ላይ በትክክል 100 ሚሊ ሜትር የሆነ መስመር ሣሉና የቆረጣ ባለሙያው ከመጀመሩ በፊት እንዲለካው ይጠይቁ። እያንዳንዱ ቅርጽ ዙሪያው የተዘጋ መሆን አለበት፤ በጸጉር ያህል እንኳ የተከፈተ መስመር ካለ ማሽኑ ቅርጹን ሊዘለው ወይም በመሃል ሊያቆም ይችላል። አንዱ በሌላው ላይ የተደረበ መስመርም ማሽኑን አንዱን ቦታ ሁለት ጊዜ ያስቆርጠዋል። ጽሑፍ ካለ ወደ መስመር ተለውጦ ይላክ፤ ያለበለዚያ የግዕዝ ፊደሉ በቆረጣ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ካልተጫነ በባዶ ሳጥኖች ይተካል።

ቆረጣ

ሌዘር የሚያነሣው የብረት ስፋት በአብዛኛው ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለጥቃቅን ጌጥ ተመራጭ ነው። ፕላዝማ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ያነሣል፣ ከሥርም የቀለጠ ብረት ቅሪት ይተዋል፤ ዋጋው ግን ዝቅ ያለ ነው፣ ሰፋፊ ቅርጽ ላለው ለ2 እና ለ3 ሚሊ ሜትር ላሜራም በቂ ውጤት ይሰጣል። በፕላዝማ ሲሠራ ማሽኑ ብረቱን የሚበሳበት ነጥብ ከሚወድቀው ክፍል ላይ እንዲሆን ይደረግ፤ በጌጡ ጠርዝ ላይ ከሆነ የጠባሳ ምልክት ይቀራል። ሁልጊዜም የውስጥ ቅርጾች ቀድመው፣ የውጪው ዙሪያ በመጨረሻ ይቆረጣል፤ ዙሪያው ቀድሞ ከተቆረጠ ላሜራው ከቦታው ይንቀሳቀስና የቀሩት ቅርጾች ይዛባሉ። ክፍተት የበዛበት ንድፍ ከሆነ ማሽኑ ከአንድ ጥግ ተነሥቶ በተርታ እንዳይሄድ፣ ከአንዱ ቦታ ወደ ራቀው ቦታ እየዘለለ ሙቀቱን እንዲበትን መጠየቅ ይገባል። ይህ ካልተደረገ ላሜራው መሃሉ ያብጣል፣ ያበጠ ላሜራ ደግሞ በመዶሻ መልሶ ማቅናት በጣም አድካሚ ነው።

ማሽን በማይደረስበት ቦታ ይህ ሁሉ በእጅ ይሠራል። ንድፉ በወረቀት ተለጥፎ ማዕዘኖቹ በነጥብ መምቻ ይመታሉ፣ በትራፓኖ (በመሰርሰሪያ) ይበሳሉ፣ ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ በመሮ ይቆረጡና በሞረድ ይስተካከላሉ። በመርካቶ ምናለሽ ተራ ያሉ ባለሙያዎች ከአሮጌ በርሜልና ቆርቆሮ በመዶሻና በመሮ የሚያወጡትን ሥራ ያየ ሰው የእጅን ችሎታ አይንቅም። በእጅ የሚሠራ ንድፍ ግን ትላልቅ ቅርጾችና ቀጥ ያሉ መስመሮች ያሉት ሊሆን ይገባዋል።

ማጠፍ

ጠፍጣፋ ላሜራ ወፈር ያለ ቢሆንም እንኳ ጠርዙ ካልታጠፈ በቀላሉ ይወዛወዛል። አራቱም ጎኖች 25 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ሲታጠፉ ላሜራው ይጠነክራል፣ ከፍሬሙ ጋር የሚታሰርበት ጎን ያገኛል፣ እጅ የሚቆርጥ ጠርዝም ከፊት አይኖርም። ንድፉ ከመታጠፊያው መስመር ቢያንስ 30 ሚሊ ሜትር መራቅ አለበት፤ ከዚያ ከቀረበ ቀዳዳዎቹ ዳር ዳሩን ደካማ ያደርጉታል፣ በጣም ከቀረበም በማጠፊያው ጊዜ ይለጠጣሉ። በአራቱ ማዕዘኖች ላይ ሁለቱ መታጠፊያዎች የሚገናኙበት ካሬ ተቆርጦ ይወጣል፣ በመገናኛው ነጥብ ላይም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ክብ ቀዳዳ ቢጨመር ብረቱ አይቀደድም።

ተዘርግቶ የሚቆረጠው ልክ ከታጠፈው ልክ ድምር ያንሳል፤ ምክንያቱም ብረቱ ሲታጠፍ ከውጭ በኩል ይለጠጣል። የውስጥ ራዲየሱ ከውፍረቱ ጋር እኩል በሆነ የ90 ዲግሪ መታጠፊያ፣ ለእያንዳንዱ እጥፋት ከውጪ ልኮቹ ድምር የውፍረቱ 1.8 እጥፍ ያህል ይቀነሳል። በምሳሌያችን 25 ሲደመር 600 ሲደመር 25 ድምሩ 650 ነው፤ በ1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ለሁለቱ እጥፋቶች 2.7 ሁለት ጊዜ ሲቀነስ 644.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ ግን መነሻ ግምት ነው፤ የእያንዳንዱ ማጠፊያ ማሽን ቅርጽ ይለያያል፣ ማሽን በሌለበት በሁለት አንጎላሬ (ባለ ማዕዘን ብረት) መካከል ታስሮ በመዶሻ የሚታጠፈውም ሌላ ራዲየስ ይሰጣል። እርግጠኛውን ቁጥር ለማግኘት ከዚያው ላሜራ በትክክል 100 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ቅንጣቢ ቆርጠው በመሃሉ ያሳጥፉና ሁለቱን እግሮች ከውጭ በካሊፐር ይለኩ። አንዱ 51.2፣ ሌላው 51.6 ቢሆን ድምሩ 102.8 ነው፤ ስለዚህ በዚያ ማሽን ለአንድ እጥፋት የሚቀነሰው 2.8 ሚሊ ሜትር ነው። ፋይሉ በዚህ ቁጥር ከተስተካከለ በኋላ ነው ላሜራው መቆረጥ ያለበት።

ጠርዝ ማጽዳትና ብየዳ

ከቆረጣ የወጣ ጠርዝ ሁሉ ስለታም ነው። ከሥር የተጣበቀው ቅሪት በመሮ ይነሣል፣ ከዚያም ጠርዙ ሁሉ፣ የውስጥ ክፍተቶቹም ጭምር፣ በብርጭቆ ወረቀት ወይም በደቃቅ ሞረድ ስለቱ እስኪሞት ይታሻል። ይህ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ቀለም በስለታም ጠርዝ ላይ እየሳሳ ስለሚሄድ ዝገት ሁልጊዜ ከዚያ ይጀምራል፣ ስለዚህ የጌጡ ዕድሜ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው ማለት ይቻላል። በኦክስጅን ጋዝ በሌዘር የተቆረጠ ጥቁር ላሜራ ደግሞ በጠርዙ ላይ ለስላሳ፣ ጥቁር ግራጫ የሆነ ስስ ቅርፊት ይይዛል። ቅርፊቱ የጠነከረ ቢመስልም ቆይቶ ቀለሙን ይዞ ይላጣልና ከቀለም በፊት መነሣት አለበት፤ በናይትሮጅን የተቆረጠ ላሜራ ይህ ችግር የለበትም።

ብየዳ ከጌጡ ፊት መራቅ አለበት። አራቱ የታጠፉ ማዕዘኖች ከኋላ በኩል ይበየዳሉ፤ ለ1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ባለ 2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ወይም ባለ 0.8 ሚሊ ሜትር ሽቦ ያለው ሚግ ብየዳ ይስማማል። ረጅም መስመር በአንድ ትንፋሽ መበየድ ላሜራውን ያጣምመዋል፤ 20 ሚሊ ሜትር ያህል በይዶ፣ ወደ ተቃራኒው ጎን አልፎ፣ የመጀመሪያው ሲቀዘቅዝ መመለስ ያስፈልጋል።

ቀለም

ከቀለም በፊት ላሜራው በቲነር ወይም በሳሙና ውኃ ከቅባት ይጸዳል፣ ፈጽሞም ይደርቃል። በእጅ ወይም በስፕሬይ ለሚቀባ ሥራ አንድ ዙር ፀረ ዝገት፣ በላዩም ሁለት ዙር የላይ ቀለም ያስፈልጋል፤ ፀረ ዝገቱ ሲቀባ ጠርዞቹ አስቀድመው ለብቻቸው በትንሽ ብሩሽ ይቀቡና ከዚያ ጠቅላላው ይቀባል። ጋልቫናይዝድ ላሜራ ለእርሱ የተዘጋጀ መሠረት ቀለም ይፈልጋል፤ በተራ ፀረ ዝገት የተቀባ ጋልቫናይዝድ ቀለሙ በቅጠል በቅጠል ይነሣል። በክረምት ጠዋት ላሜራው ላይ ያረፈ ጤዛ ሳይደርቅ መቀባት አይገባም።

ፓውደር ኮት የሚባለው የዱቄት ቀለም አቅሙ ለሚፈቅድ የተሻለ ምርጫ ነው። ዱቄቱ በ180 እና 200 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል በምድጃ ውስጥ ስለሚጋገር ሁለት ነገሮች በንድፉ ጊዜ መታሰብ አለባቸው፤ የምድጃው ርዝመት የእኛን 1600 ሚሊ ሜትር ማስገባቱ፣ እንዲሁም ላሜራው የሚንጠለጠልባቸው ሁለት ቀዳዳዎች በታጠፈው ጎን ላይ መኖራቸው። ከጋገሩ በኋላ መበየድም ሆነ መብሳት ሽፋኑን ስለሚያበላሽ የብሎን ቀዳዳዎች ሁሉ አስቀድመው ይበሱ።

ተከላ

ጌጡን ከፍሬሙ ጋር መበየድ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን በብሎን ማሰርን አጥብቄ እመክራለሁ። የተበየደ ጌጥ ለቀለም፣ ለጥገና ወይም ለለውጥ ሲፈለግ አይወጣም፣ ብየዳውም የተጋገረውን ቀለም ያቃጥላል። በየ250 ወይም 300 ሚሊ ሜትሩ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ብሎን በታጠፈው ጎን በኩል ይገባል። ቀዳዳዎቹ ክብ ሳይሆኑ ሞላላ ይሁኑ፤ የፀሐይ ሙቀትና የሌሊት ብርድ በ40 ዲግሪ ቢለያይ 1600 ሚሊ ሜትር ብረት 0.8፣ አሉሚኒየም ደግሞ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል ወይም ያጥራል። የብረቱ ላሜራና የብረቱ ፍሬም አብረው ስለሚሄዱ ጭንቀቱ ትንሽ ነው፤ በብረት ፍሬም ላይ የታሰረ አሉሚኒየም ግን መላወሻ ካላገኘ ያብጣል፣ በሁለቱ ብረቶች መካከልም የፕላስቲክ ወይም የጎማ ዋሸር ካልገባ ውኃ ባገኘ ቁጥር አሉሚኒየሙ ይበላል።

የታችኛው መታጠፊያ ውኃ የሚያቁር ቦይ ስለሚሆን በየ200 ሚሊ ሜትሩ ባለ 6 ሚሊ ሜትር የውኃ መውረጃ ቀዳዳ ይኑረው። ዳዶዎቹ ከግቢ ውስጥ በኩል ይሁኑ፤ ከመንገድ በኩል ከሆኑ ማንም ይፈታቸዋል። ከተከላ በኋላ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚንጫጫ ቦታ ካለ በላሜራውና በፍሬሙ መካከል ቀጭን ጎማ ያስገቡ። የመጀመሪያው ክረምት እንዳለፈ ብሎኖቹን ያጥብቁ፣ የታችኛውን ጠርዝና የማዕዘን ብየዳዎቹን ይመርምሩ፤ ዝገት ያቆጠቆጠበት ነጥብ ከተገኘ በብርጭቆ ወረቀት እስከ ንጹሕ ብረት ድረስ ይጽዳና በፀረ ዝገት፣ ከዚያም ከሥራው ተርፎ በተቀመጠው ቀለም ይነካ።